የጥብስ ቅጠሉና ጠርሙሱ

ሰሞኑን ታናሽ እህቴን ለእርግዝና ክትትል ይዣት ሄጄ ነበር። እዚህ ሜሪላንድ ነፍሰ ጡር የምትጠየቀው አያልቅም፤ የምትበላው፣ የምትጠጣው፣ የምትውጠው ሁሉ ይመዘገባል። ነርሷ «ፀጉርሽንና ቆዳሽን ምን ትቀቢያለሽ?» ስትላት እህቴ «የሮዝመሪ ዘይት» አለች። ነርሷ መጻፏን አቆመች። ስንት ጠብታ እንደምትጠቀም፣ ማታም ክፍሏ ውስጥ በዲፊውዘር ታተነው እንደሆነ ጠየቀቻትና «እስክትወልጂ ተዪው» ብላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ደሜ ፈላ። የጥብስ ቅጠል እኮ ነው! ግቢያችን ውስጥ አጥሩ ሥር የበቀለ፣ እንግዳ ሲመጣ ሮጠን የምንቀጥፈው። ባሕር ማዶ ስንመጣ ያደግንበት ነገር ሁሉ ለምን አደጋ ይሆናል? መኪና ውስጥ ለእህቴ ስነግራት የነበረው ይህንኑ ነው።

ማታ እናታችን ጋ ደወልን። «እናንተን ሁሉ ሳረግዝ ጥብሱን በቅጠሉ ስበላ አልነበር እንዴ?» አለች። ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን «ለፀጉሯማ ለጋ ቅቤ አለላት፤ ጠርሙሱን ደግሞ ምን አመጣው?» ስትል ዝም አልኩ። እማዬ ስለ ቅጠሉ እንጂ ስለ ጠርሙሱ አልመሰከረችም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ዘይቱ የሚወጣው ቅጠሉን በእንፋሎት በማንጠር ሲሆን ከ100 ኪሎ ቅጠል የሚገኘው 1 ወይም 2 ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ 10 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ትንሿ ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቅጠል አላት ማለት ነው። ካምፎርና ሲኒዮል የሚባሉት ኃይለኛ ንጥረ ነገሮችም አብረው ተጠራቅመዋል። ጥብስ ላይ ጣል በምናደርገው ቅጠል ውስጥ ያሉት ከቁጥር አይገቡም። በዘይት መልክ ግን ካምፎር ሲበዛ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሕፃን ከዋጠውም ለሕይወቱ ያሰጋል። ባለሙያዎች ነፍሰ ጡርን «ተዪው» የሚሏት በእርግዝና ጊዜ ያለው ደኅንነት በበቂ ስላልተጠና ነው። ነርሷ ይህን በሁለት ዐረፍተ ነገር ብታስረዳን ኖሮ ያን ያህል ባልተናደድኩ ነበር።

ዘይቱ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ፀጉራቸው የሚመለጥ 100 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን የሮዝመሪ ዘይት ያለበት ቅባት፣ ግማሾቹን ሚኖክሲዲል የተባለውን የፀጉር መመለጥ መድኃኒት (2 በመቶ) ለ6 ወር አስቀብቷል። በ3ኛው ወር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ በ6ኛው ወር ግን የሁለቱም ወገን ፀጉር ጨምሮ ተገኘ። ቲክቶክ ላይ ይህን ጥናት የሚጠራው ብዙ ነው። ምንም መድኃኒት ያልተቀባ ማነጻጸሪያ ቡድን እንዳልነበረው፣ የተቀቡትም ከጠርሙሱ እንዳለ የወጣ ዘይት ሳይሆን የቀጠነ ቅባት እንደሆነ የሚናገር ግን አላጋጠመኝም። ስለ ሽታውም፣ እንግሊዝ አገር የኖርዘምብሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሙከራ የሮዝመሪ ሽታ ባለበት ክፍል የተፈተኑ ሰዎች የማስታወስ ጥራታቸው ተሻሽሎ ፍጥነታቸው ቀንሷል። ጥሩ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

አገር ቤት ጉንፋን የያዘው ሰው በባሕር ዛፍ ሲታጠን ብቻውን አይተውም። ጋቢውን የሚያለብሰው፣ «በቃ፣ አሁን ውጣ» የሚለው ሰው አጠገቡ አለ። ዳማከሴውን የሚጨምቀውም ልኩን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ነው። እዚህ ያለን ምክር ጠርሙሱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ብቻ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለመዋቢያ የሚሸጡ ዘይቶችን ገበያ ከመውጣታቸው በፊት አያጸድቅም። እህቴን ክሊኒክ ውስጥ የከለከላት አገር ያንኑ ጠርሙስ ሱቅ ውስጥ ያለ አንዳች ጥያቄ ሸጦላታል። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ቢሆንም የአገር ቤቱ ሁሉ ልክ ነው ብዬ አልከራከርም። የትልቅ ሰው ልክም ይሳሳታል፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ መታጠን ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። ጠርሙሱም ቢሆን የባዕድ ነገር ብቻ አይደለም። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማ ዕፅዋትና ዘይታቸው ላይ ሲሠራ ቆይቷል፤ አዲስ አበባም ኮስሞቲክስ መደብር ውስጥ ዘይቱ ይሸጣል።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ቅጠሉን ሳትፈሩ ጥብሳችሁ ላይ ጣሉ፤ ለቅመም ያህል ነፍሰ ጡርንም አይጎዳም። ጠርሙሱን ግን እንደ መድኃኒት ቁጠሩት። በ30 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወይም የጆጆባ ዘይት ውስጥ 6 ጠብታ ብትጨምሩ 1 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ለጀማሪ ይበቃል። መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ሞክራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። አትጠጡት። ነፍሰ ጡር፣ የሚጥል በሽታ ወይም አስም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው። ሕፃን ባለበት ክፍል ዲፊውዘር አትክፈቱ፤ ጠርሙሱንም ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። ልጅ ከዋጠ ሊያስመልሰው የሚሞክር አይኑር። አሜሪካ ያላችሁ ወደ መመረዝ እርዳታ መስመር በ1-800-222-1222 ወዲያው ደውሉ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ልጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን በቀጥታ 911 ደውሉ።