ጥይቱን ሳትመርጥ ጠመንጃ አታሠራ!

ሙሽራዋን ሳያዩ ድግስ እንደሚደግሱ ሰዎች፣ ጠመንጃውን አሠርተው ጥይቱን በኋላ የሚያስቡ አሉ። ታላቅ ወንድሜ ግን ብልህ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ለማደን ከሩቅ የሚመታ ጠመንጃ በልኩ ሊያሠራ ሲል፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ ወደሚገኘው ቤታችን ደወለ። «አባዬ፣ የቱ ጥይት ይሻለኛል?» አባታችን ወጣትነታቸውን በባሌ አደን ነው ያሳለፉት።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የጥይቱ ማደሪያ አንዴ ለአንድ ዓይነት ጥይት ተለክቶ ከተበሳ፣ በቃ፣ ሌላ ማጉረስ አደጋ ነው!

የወንድሜ ልብ የከጀለው እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን 300 ዊንቸስተር ማግነም ነው። ጉልበተኛ ነው፤ ትከሻም ያነቃንቃል። እኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን 6.5 ክሪድሞር ደገፍኩ። ባሩዱ ያነሰ፣ ምቱ ለትከሻ የቀለለ ነው፤ እርሳሱም ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነፋስ ብዙም አያስተውም። ጉድለቱስ? ለትልቅ አውሬ ከሩቅ ጉልበቱ ያንሳል።

አባዬ ሁለታችንንም ሰሙና «ሰደፉን ፈርቶ ዓይኑን የሚጨፍን በመድፍም አይመታ!» አሉ።

ሌላም ነገር አለ። 500 ሜትር ላይ ጥይቱ እስኪደርስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። በዚያች ቅጽበት አውሬው አንዴ ቢራመድ ልቡን ያልከው ሆዱን ታገኘዋለህ። ቆስሎ ጫካ ይገባል፤ ተሰቃይቶ ይሞታል። ለአዳኝ ከዚህ የከፋ ነውር የለም።

ወንድሜ በክሪድሞሩ ተስማማ፤ ከ300 ሜትር በላይም ላይተኩስ ቃል ገባ።

«ከዚያ ርቆ ባገኘውስ?» አለ።

«ተጠጋዋ! እግር የተሰጠህ ለምን ሆነና?»