በወባ ወቅት የመጣ ጦርነት

ወረዳችን ቀወት ቆላ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲያቁር ወባ ይነሣል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር የምሠራበት ጤና ጣቢያ ወረፋው ከበር ይወጣል። በኅዳር 2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ሸዋሮቢት የደረሰው በዚያው ወቅት ነው።

ብዙው ሰው የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። እናቴ እግሯ አይሄድላትም፤ ቀረሁ። ከተማዋ በተዋጊዎች እጅ ስትወድቅ መብራትም ስልክም ጠፋ፣ ጤና ጣቢያውም ተዘረፈ። እኔ ያተረፍኩት ቀደም ብዬ በነጠላዬ ቋጥሬ ቤት ያስገባሁትን ኮአርተም የተባለ የወባ መድኃኒት ብቻ ነው። መዝገብ ላይ ፈርሜ ነበር ያወጣሁት። በዚያ ሰዓት ፊርማ ማን ያነባል ብትሉኝ፣ ልማድ ነው።

ጎረቤቶች በጓሮ አጥር እየሾለኩ መምጣት ጀመሩ። «ሲስተር፣ ልጄ ይንዘፈዘፋል።» ኮአርተም በ3 ቀን 6 ጊዜ ይወሰዳል፤ ቅባት ያለው ነገር አብሮት ከሌለ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ይህን ስናገር ፍየል ያላቸው አንድ ሐጂ ሰሙኝ። «አንቺ መድኃኒቱን ስጪ፣ ወተቱ ከእኔ» አሉ። ተኩስ በሚሰማበት ሌሊት ሳይቀር ጣሳቸውን ይዘው ይመጡ ነበር።

ከዚያ እኔም ታመምኩ። የቀረው 24 ፍሬ፣ የአንድ አዋቂ ሙሉ መድኃኒት ነው። ጎረቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷም ትኩሳት ይዟታል። ለሁለት ብንካፈለው ሁለታችንንም አያድነንም። ለእሷ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ እናቴ ናት፦ እቃዥ ነበር፣ ሽንቴም ጠቁሮ ነበር። ኅዳር ሳያልቅ ከተማዋ ነፃ ስትወጣ በቃሬዛ አወጡኝ፤ የአርቴሱኔት መርፌ አተረፈኝ።

ስድን ስለ እንግሊዝ ባሕር ኃይል አነበብኩ። ከ1756 እስከ 1763 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጦርነት በውጊያ የሞቱባቸው 1,512 መርከበኞች ናቸው፤ በበሽታ ያለቁትና የጠፉት ግን ከ133 ሺህ በላይ። ጄምስ ሊንድ የተባለው ሐኪም ብርቱካንና ሎሚ ስከርቪ የተባለውን የመርከበኞቹን በሽታ እንደሚፈውስ በ1747 ሞክሮ አይቷል። የሎሚ ጭማቂ ለባሕር ኃይሉ እንዲታደል የታዘዘው ግን በ1795 ነው። መድኃኒቱ እየታወቀ ከበሽተኛው ጋር አልተገናኘም። እኛም ዘንድ የሆነው ይኸው ነው።

የጤና ኃላፊዎች ሆይ፣ ጦርነት ሲቀርብ የወባ መድኃኒት አንድ መጋዘን ውስጥ አትቆልፉ። አስቀድማችሁ በየቀበሌው ላሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አከፋፍሉ።