የተቈለፈ በርና አላፊነቱ



ዘንድሮ በክርክር ክበባችን ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ከልቤ ሳይወጣ የቀረው አንዱ ነው፤ ይኸውም ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቤት እሳት ተነሥቶ ሰው ቢሞት፣ በሕግ ፊት የሚጠየቀው ማን ነው? እሳቱን የለኰሰው ነው ወይስ በሩን ያስቈለፈው? ጥያቄው ከትምህርት ቤት አልፎ እቤታችን ድረስ ስለ ገባ፣ ያነበብሁትንና ያሰብሁትን በዚህ መጽሔት ላጫውታችሁ ወደድሁ።

መምህራችን ለክርክሩ መነሻ የሰጡን ታሪክ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ የደረሰ ነው። በዚያ ኮኮናት ግሮቭ የሚባል የታወቀ የምግብና የጭፈራ ቤት ነበረ። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ኖቬምበር 28 ቀን 1942፣ በእኛ ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ ቤቱ እንዲይዝ ከተፈቀደለት ቍጥር እጅግ የበለጠ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶበት ሳለ ከምድር ቤቱ እሳት ተነሣ። ቤቱ በጨርቅና ሰው በሠራው ዘንባባ አጊጦ ስለ ነበረ ነበልባሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም አዳረሰው። 492 ሰዎች ሞቱ።

እኔን ከእሳቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ የበሮቹ ነገር ነው። ዋናው መግቢያ እንደ መዘውር የሚሽከረከር በር ስለ ነበረ ሕዝቡ ሲጋፋበት ተቀርቅሮ ቆመ። ከምድር ቤቱ ደረጃ ራስ ላይ ያለው የአደጋ መውጫ ሲገፉት ወዲያው እንዲከፈት ሆኖ የተሠራ ነበር፤ ነገር ግን ተቈልፏል። ሌላው በር ደግሞ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነበርና ሰው ከኋላ ሲደራረብበት ማን ስቦ ይክፈተው? በሮቹ የሚቈለፉት ደንበኛ ሒሳብ ሳይከፍል ሾልኮ እንዳይሄድ ነው ተባለ። ለአንድ እራት ዋጋ! (ይህን መጽሔት በወላጆች ቀን አዳራሽ ተቀምጣችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ እስቲ ቀና ብላችሁ ሁለተኛውን በር ፈልጉት።)

በክርክሩ ዕለት ከጓደኞቻችን እኩሌቶቹ በአንድ የ16 ዓመት ልጅ ላይ ፈረዱ። ልጁ የቤቱ ሠራተኛ ነበር፤ ጨለማ ውስጥ አምፖል ለመግጠም ክብሪት ጭሮ ነበር። የቦስተን ሹማምንት ግን ነገሩን መርምረው ልጁን ጥፋተኛ አላሉትም፤ የእሳቱም መነሻ አልታወቀም ተብሎ ተጻፈ። በሰው መግደል ወንጀል የተፈረደበት የቤቱ ባለቤት ባርኔት ዌላንስኪ ነው። ይህ ሰው በዚያች ሌሊት ከቤቱ አልነበረም፤ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

«ያልነበረ ሰው እንዴት ይፈረድበታል?» ብለው ተቃዋሚዎቻችን አጥብቀው ጠየቁን። መልሱን ያገኘነው የማሳቹሴትስ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1944 ፍርዱን ሲያጸና ከሰጠው ምክንያት ነው። አሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሕዝብን ለንግድ ጠርቶ ከቤቱ ያስገባ ሰው ለደኅንነታቸው የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት፤ አደጋ መኖሩን እያወቀ ይህን ግዴታ ችላ ካለ፣ አለማድረጉ ራሱ እንደ ማድረግ ይቈጠርበታል። ቅጣቱ ከ12 እስከ 15 ዓመት እስራት ሆነ።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ የጠራ አይደለም። ከአደጋው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ቤቱን አይቶ ደኅና ነው ያለ የእሳት አደጋ መርማሪም ተከሶ ነበር፤ ነጻ ወጣ። ይህ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ዌላንስኪም በ1946 ታሞ ሳለ በአገረ ገዢው በሞሪስ ቶቢን ምሕረት ተፈታ። እኚህ አገረ ገዢ በእሳቱ ጊዜ የዚያው የቦስተን ከንቲባ እንደ ነበሩ ሳነብ ብዙ አሰብሁ።

በእኛም አገር ቢሆን ሕግ የለም አይባልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኛነት ሰው የገደለ እንደሚቀጣ ይናገራል፤ የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ተጥሶ ከሆነ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ቸልተኛው ማን እንደ ሆነ የሚለየው ግን ነገሩን የሚመረምረው ዳኛ ነው።

ነገሩ እቤታችን የገባው እዚህ ላይ ነው። አባባ በከተማችን በሚገኝ አንድ አዳራሽ በዘበኛነት ያገለግላሉ፤ ሰባት ቍልፍ በአንድ ቀለበት ይዘው ይዞራሉ። አዳራሹ ሦስት በር አለው፤ ሠርግ ወይም ስብሰባ ሲኖር ወንበር እንዳይሰረቅና ያልተጠራ እንዳይገባ ሁለቱ በሰንሰለት ይቈለፋሉ። በክርክሩ ላይ አንድ ጓደኛችን «ጥፋቱ በእጁ የቈለፈው የዘበኛው ነው» ሲል ጭብጨባው ደመቀ። እኔ አላጨበጨብሁም።

ማታ ታሪኩን ለአባባ አጫወትኋቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ቈልፍ ሲሉኝ ነው የምቈልፈው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ባለቤቱ ሆስፒታል ተኝቶም ተፈረደበት?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልኋቸው።

«እኔ ደግሞ እበሩ ላይ ነኝ» አሉ።

በማግሥቱ ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቀርበው፣ ሰው ባለበት ሰዓት በሮቹ እንዲቈለፉ የሚያዝ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ለመኑ። ሥራ አስኪያጁ ሣቁ፤ ለሰንሰለት ደብዳቤ የሚጽፍ ማን አለ አሏቸው። ከዚያ ወዲህ አባባ ሕዝብ ከመግባቱ በፊት ሁለቱንም በሮች ይከፍቱና በርጩማቸውን ይዘው በመካከል ይቀመጣሉ። በጥር ወር በአንድ ሠርግ ማታ ሁለት ወንበር ጠፋ፤ ዋጋው ከደመወዛቸው ተቈረጠ። እናቴ ተቈጣች፤ ነገሩን ከቤት ያመጣሁት እኔ ነኝና በእኔም ላይ ጭምር። በሮቹ ግን አሁንም ይከፈታሉ፤ የተጠየቀው ደብዳቤም ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ አልተጻፈም።