በጥቅምት አንድ ዓሣ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። ብርዱ ሲጠና ሰውነት ሥጋ ይፈልጋል እንደ ማለት ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ይህን አባባል ቀይረው የሚናገሩ አንድ አዛውንት አሉ። «በጥቅምት አንድ ዓሣ» ይላሉ። ሰፈርተኛው ይስቃል። ወንዟ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ በሆነ ከተማ፣ ከባሕር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስለ ዓሣ ወቅት ማውራት በእርግጥም ያስቃል።

ሰውየው ግን ቀልድ እያወሩ አይደለም። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ቤታቸው ግድግዳ ላይ አንድ የቆየ የማጥመጃ ዘንግ ተሰቅሏል፤ ከአልጋቸው ሥር ደግሞ መንጠቆ፣ ናይለን ክርና ከብረት የተሠሩ የሐሰት ዓሦች የሞሉበት የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ዓሣ አጥምደው ሸጠው አያውቁም። ለደስታቸው ነው ያጠመዱት።

ድሬዳዋ የባሕር ልጅ መሆኗን የሚረሳ ብዙ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር። ከተማዋም በሐዲዱ ምክንያት ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። አዲስ አበባ ባቡሩን ያየችው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ የባሕር በር መዳረሻ ድሬዳዋ ነበረች ማለት ይቻላል። ጨው፣ ጨርቅ፣ የየመን ነጋዴ፣ የፈረንሳይኛ ቃል፣ ሁሉም በዚያ መስመር ገባ። ባቡረኞቹ ደግሞ ጅቡቲ ያድሩ ነበር። አዛውንቱም ባሕርን ያወቁት በእነዚያ አዳሮች ነው። አንድ ጅቡቲያዊ የሥራ ባልደረባቸው በዕረፍት ቀኑ በትንሽ ጀልባ ይዟቸው ወጣ፤ በባዶ እጅ ክር ለቀቁ፤ አንድ ነገር ጎተታቸው። ከዚያ በኋላ የጥቅምትን ተረኛነት ከሌላ ሰው ጋር ለመቀያየር የማይሰጡት ነገር አልነበረም።

ጥቅምትን ለምን? የሳቸው መልስ የሚጀምረው ከነፋስ ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ጅቡቲን የሚገርፋት ኻምሲን የሚባለው ደረቅና አሸዋ የተሸከመ ነፋስ ነው። ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ትንሽ ጀልባ በዚያ ነፋስ ከወጣች ወደ መሃል ባሕር እየተገፋች ትሄዳለች፤ መመለሻው ከመሄጃው ይከብዳል። ስለዚህ በክረምት የሚያውቅ ሰው ጀልባውን አስሮ ይጠብቃል። ከጥቅምት ጀምሮ ነፋሱ ፊቱን አዙሮ ከምሥራቅ፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል መምጣት ይጀምራል። አንዱ ሄዶ ሌላው እስኪጠና ባሉት ቀናት ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ውኃው ገና ሞቃት ነው፤ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል።

ነፋሱ ሲዞር ምግብም ይመጣል። በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ፍጥረታት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይበዛሉ፤ እነሱን የሚበሉ ትንንሽ ዓሦች ይከተላሉ፤ ትንንሾቹን የሚያድኑ ትልልቆች ደግሞ ከኋላ ይመጣሉ። በዓለም ከዓሦች ሁሉ ትልቁ የሆነው፣ ፈረንጆች ዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚሉት ፍጡር፣ በየዓመቱ ከዚህ ወቅት እስከ የካቲት ድረስ በአርታ ጠረፍ አቅራቢያ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሰው አይነካም፤ አፉን ከፍቶ ደቂቃኑን እያጣራ ይሄዳል። ከሩቅ አገር ጎብኚዎች እሱን ለማየት ብለው ጅቡቲ ይመጣሉ።

አዛውንቱ ዓሣ የሚፈልጉት ወፍ በማየት ነበር። ወፎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ወደ ውኃው የሚወረወሩ ከሆነ ከሥራቸው ትንንሽ ዓሦች በትልልቆች ተከበዋል ማለት ነው። ጀልባው በመንጋው መሃል አያልፍም፤ ዓሣው ይበተናል። በዳር በዳር በዝግታ እየዞረ የሐሰቱን ዓሣ ከኋላው ይጎትታል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ዐረቦች ዲራክ የሚሉት ረጅም፣ ብርማ፣ ጥርሰ ስል ዓሣ ነው፤ ናይለን ክርን እንደ መቀስ ስለሚቆርጥ ከመንጠቆው አጠገብ የብረት ሽቦ ይታሰራል። ባራኩዳም አለ። ወደ ሰሜን፣ ሰባቱ ወንድማማቾች ወደሚባሉት ደሴቶች ከተጠጉ ደግሞ ቱና ይገኛል። ቱና ሲይዝ ክሩ እየጮኸ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ክሩን ጥርቅም አድርጎ መያዝ ሞኝነት ነው። እየለቀቁ፣ እየሰበሰቡ፣ እስኪደክመው መጠበቅ ነው።

ማታ ላይ ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በየመን ምድጃ ተጠብሶ ከስስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። «የበላሁትን አላስታውስም፤ ያመለጠኝን ግን አንድ በአንድ እቆጥርልሃለሁ» ይላሉ።

ይህን ሁሉ ወሬ በትዕግሥት የሚሰማ አንድ ጎረቤት ልጅ ነበር። የሰው ባጃጅ ይነዳል። ከ10 ተፈታኝ አንዱ እንኳ በማያልፍበት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት አልመጣለትም። ማታ ማታ ባጃጁን አቁሞ ከአዛውንቱ አጠገብ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ባሕሩ በደንብ የሚረጋው መቼ ነው?»

ደስ አላቸው። የሚጠይቅ ወጣት አግኝተው አያውቁም። ስለ ኻምሲን፣ ስለ ጥቅምት፣ ስለ ነፋሱ መዞር ነገሩት።

«ማታም ይረጋል?»

ማታማ ይበልጥ ይረጋል አሉት።

«ኦቦክ ከጅቡቲ ከተማ ሩቅ ነው?»

እዚህ ላይ ዝም አሉ። ኦቦክ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በሰሜን በኩል ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ስለ ኦቦክ የሚጠይቅ ወጣት ዓሣ ሊያጠምድ አይደለም። በደወሌ በኩል ወይም በበረሃው ተሻግረው፣ በኦቦክ ጠረፍ ጀልባ ተሳፍረው፣ በየመን አድርገው ሳዑዲ ለመድረስ የሚነሡት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የሚሄዱበት መንገድ ነው። ድሬዳዋም የዚህ መንገድ አንዷ መተላለፊያ ናት። ልጁ የወቅቱን ሁኔታ የጠየቀው የመነሻ ቀን ለመቁረጥ ነበር። አዛውንቱ ደግሞ ደስ እያላቸው ቀኑን ነገሩት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የባሕሩን ጠባይ መናገር መንገድ ማሳየት ነው? ዝም ማለትስ? ዝም ቢሉ ልጁ ያንኑ ጥያቄ ለደላላው ይጠይቃል። ደላላውም «ባሕሩ ረግቷል» ይለዋል። ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። ግማሽ እውነት ነው። ደላላ ሲሸጥ የኖረው ግማሽ እውነት ነው፤ ሳዑዲ ሥራ አለ፣ እገሌ ደርሷል፣ ባሕሩ ረግቷል።

በማግሥቱ ልጁን አስጠርተው ቀሪውን ግማሽ ነገሩት።

«ልጄ፣ የሚረጋው ባሕሩ ነው እንጂ ጀልባው አይደለም» አሉት። እሳቸው በሚወጡበት ጀልባ አራት ሰው ነበር። አምስተኛ ሰው ልጨመር ቢል ባለጀልባው እሺ አይልም። ደላላው በአንድ ጀልባ መቶና ከዚያ በላይ ሰው ይጭናል። እንዲህ የተጫነ ጀልባ ማዕበል አያስፈልገውም፤ ሰዎች ደንግጠው ወደ አንድ ወገን ቢያጋድሉ ይበቃዋል። እሳቸው ነፋሱ ትንሽ ከበረታ ጉዟቸውን ሰርዘው ሻይ ይጠጣሉ። ደላላው ግን ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሏል፤ ነፋስ አይጠብቅም።

ቀጥለው ስለ ባብ ኤል መንደብ ነገሩት። በዐረብኛ የእንባ በር ማለት ነው። በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በጠራ ቀን ማዶው ይታያል። መታየቱ ነው የሚያታልለው። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ በዚያች በር ውኃ ይለዋወጣሉ፤ ላዩ ጸጥ ብሎ ሥሩ ይሮጣል። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ፍሰቱ ከነፋሱ ጋር ከተጋጨ፣ ጸጥ ያለው ውኃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግድግዳ ይሠራል።

በመጨረሻ ወደ ሰፈራቸው መለሱት። «ደቻቱን ታውቀዋለህ» አሉት። ደቻቱ በጋውን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፤ ነጋዴ ዕቃ ያነጥፍበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በአንድ ሌሊት ከሐረርጌ ተራሮች የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን በላ። ከዚያ ወዲህ የድሬ ሰው ደቻቱን ሲሻገር እግሩ ሥር ያለውን አሸዋ ብቻ አያይም፤ ቀና ብሎ ተራራው ላይ ያለውን ደመና ያያል። ባሕርም እንደዚያው ነው አሉት፤ የሚገድልህ አሁን የምታየው አይደለም።

የአዛውንቱ ፍርሃት በሬሳ የተረጋገጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ከየመን ሲመለሱ በጅቡቲ ጎዶሪያ አቅራቢያ ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከየመን 310 ሰዎችን ጭነው ከተነሡ ሁለት ጀልባዎች ቢያንስ 45ቱ በኾር አንጋር አቅራቢያ ሞቱ። የሞቱት ከባሕሩ መሃል ሳይሆን ዳርቻው በሚታይበት ቦታ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ፣ በክረምቱ ነፋስ፣ በየመን አብያን ጠረፍ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑበት ጀልባ ሰጥሞ ከ60 በላይ ሰዎች አለቁ። ሐምሌ ደግሞ አዛውንቱ ጀልባ ታስሮ የሚጠበቅበት ያሉት ወር ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው አገሪቱ ስለ ባሕር እንደዚህ ዘመን አውርታ በማታውቅበት ጊዜ መሆኑ ነው የሚከነክነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የቀይ ባሕርን ጉዳይ በአደባባይ አነሡት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 22 ቀን ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ከሶማሊያ ጋር ተካረረ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ ስምምነት ተደረሰ። በቴሌግራም፣ በቴሌቪዥን፣ በሻይ ቤት ሁሉም ሰው የወደብ ተንታኝ ሆነ። ከንግዷ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ለምታልፍ፣ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ባሕሩ ራሱ የለም። ቶን አለ፣ ኪራይ አለ፣ ታሪክ አለ፣ ባሕር ኃይል አለ። ነፋስ የለም። የአየር ትንበያ በየማታው ድሬዳዋ ስንት ዲግሪ እንደምትሆን ይነገራል፤ በዚያች ሌሊት ዜጎች ታጭቀው የሚሻገሩበት ውኃ እንዴት እንደሚያድር የሚሰማ የለም። ትምህርት ቤት የቀይ ባሕርን ርዝመት ያስተምራል፤ የሰው ብዛት ጀልባን እንዴት እንደሚገለብጥ አያስተምርም።

«የባሕሩን ሁኔታ መንገር ሂዱ ማለት ነው» የሚል ይኖራል። አዛውንቱም ሌሊቱን ሙሉ ከዚህ ጋር ሲታገሉ አድረዋል። ግን ዝምታው እስከ ዛሬ ማንን አስቀረ? ሥራ ቢኖር ኖሮ አብዛኛው ባልሄደ ነበር፤ ይህ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ በነፋስ ወሬ አይከፈልም። እስከዚያው ድረስ ግን በድሬዳዋ፣ በወሎ፣ በጅማ፣ በአርሲ ያለ ወጣት ደላላው ከሚነግረው ግማሽ ሌላ ቀሪውን ግማሽ በሚገባው ቋንቋ ሊሰማ ይገባዋል። ባሕርን በእጃቸው የነኩ ሰዎች አገር ውስጥ አሉ፤ የቀድሞ ባሕረኞች፣ ባቡረኞች፣ ምጽዋና አሰብ የኖሩ፣ ከየመን በሕይወት የተመለሱ። የሚጠይቃቸው ከተገኘ ይናገራሉ።

ልጁ እስካሁን ድሬዳዋ ነው። ሐሳቡን ይቀይር አይቀይር አልተናገረም፤ አዛውንቱም አልጠየቁትም። ማታ ማታ ግን አሁንም ባጃጁን አቁሞ ይመጣል። ሰሞኑን የቆርቆሮውን ሳጥን አውጥተው መንጠቆ ከሽቦ ጋር እንዴት እንደሚታሰር እያሳዩት ነው። ፓስፖርት ካወጣ በቀን፣ በሕጋዊ መንገድ፣ ጅቡቲ ወስደው ክር ሊያስጥሉት ቃል ገብተውለታል። ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴም ተፈታበት። «ቀስ በል» አሉት፤ «ጥቅምት ገና ነው።»