ስማችሁን ማሽን ከሚጽፍላችሁ ራሳችሁ ጻፉት

ውድ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የሙያ አጋሮቼ፦

ይህን ረጅም ጽሑፍ የምጽፈው የመምህራን ስምና ሥራ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት መንገድ ከልብ ስለሚያሳስበኝ ነው። በአገራችን ዓመታት ሙሉ ያስተማሩ፣ ያጠኑ፣ ያሳተሙ ሰዎች አሉ። ስማቸው ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ ግን አንዳንዱ ጭራሽ አይገኝም፤ አንዳንዱ ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ይገኛል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የማያውቀው ሰው ጥናት ተለጥፎበት ይገኛል።

የምኖርበት የአዲስ አበባው መሪ በዕውቀት ተቋማት የተከበበ ሰፈር ነው። ከመሪ ጣቢያ በቀላል ባቡሩ የተሳፈረ ሰው ሲኤምሲንና ሚካኤልን አልፎ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል። ከ60 ዓመት በላይ መምህራን ሲያፈራ የኖረው የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ኮተቤ ላይ አለ። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት ኦብዘርቫቶሪ አለ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊታችን የቆመው ሰው ስለ ከዋክብት ወይም ስለ ከተማ መሬት አስተዳደር የሚያጠና ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ ይህን ባያውቅ ብዙ አይጎዳም። ደብረ ማርቆስ ሆኖ አማካሪ የሚፈልግ የማስተርስ ተማሪ ካላወቀ ግን ይጎዳል። አብሮት የሚሠራ የአገሩን ሰው የሚፈልግ፣ ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተመራማሪም ይጎዳል። ጋዜጠኛውም በሁሉም ጉዳይ ላይ እነዚያኑ ጥቂት ሰዎች ደጋግሞ የሚጠይቀው ሌሎቹን የሚያገኝበት መንገድ ስለሌለው ነው።

ብዙዎቻችን ያደግነው ስለራስ ማውራት ነውር እንደሆነ እየተነገረን ነው። ይህን ባህል አከብረዋለሁ። ነገር ግን ትሕትና ማለት ሙገሳን አለመፈለግ ነው፤ የሚፈልግህ ሰው እንዳያገኝህ መሰወር አይደለም። የመምህር የኢንተርኔት ገጽ “ይህን አጥንቻለሁ፣ ይህን አስተምራለሁ፣ በዚህ ታገኙኛላችሁ” ይላል። ደመወዛችንን የሚከፍለው ሕዝብ ይህን ያህል የማወቅ መብት አለው።

የእኛን ጉዳይ የሚያከብደው ደግሞ የስም ሥርዓታችን ነው። የውጭዎቹ የመረጃ ቋቶች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። መጨረሻ ላይ ያገኙትን ስም የቤተሰብ ስም ብለው ይይዙና የባለቤቱን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥሩታል። የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ተመልከቱ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራ የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። በሕክምና ጥናቶች ማውጫ ውስጥ ግን የሰፈሩት “ለማ ኤ.” ተብለው ነው። አባታቸው በሙሉ ስም፣ እርሳቸው በአንድ ፊደል! የአባቱ ስም ለማ የሆነ አበበም፣ አለማየሁም፣ አስቴርም ቢያሳትሙ ማሽኑ የሚሰጣቸው ስም ይኸው ነው።

ይህ ግን የማይለወጥ ዕጣ አይደለም። የዕፅዋት ሳይንስን እዩ። አዲስ ዝርያ የሰየመ ሳይንቲስት ስሙ በአጭሩ ከዕፅዋቱ ሳይንሳዊ ስም ቀጥሎ ይጻፋል። በዚያ ዓለም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የሚጻፉት “ሰብስቤ” ተብለው ነው። መስፍን ታደሰ “መስፍን” ናቸው፤ እንሰርሙ ቀልቤሳም “እንሰርሙ”። ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በዘለቀው፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በመዘገበው ታላቅ ሥራ ላይ የደከሙ እነዚህ ሰዎች በዓለም ዕፅዋት መዝገብ ላይ ያሉት በገዛ ስማቸው ነው። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍም እንዲሁ ነው፤ ሃምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ የእኛን ሰዎች የሚዘረዝረው በራሳቸው ስም ነው። ሥርዓቱ የእኛን አጠራር ሊቀበል ይችላል ማለት ነው። የሚቀበለው ግን ወጥ ሆኖ ሲቀርብለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በተግባር ልናገር።

አንደኛ፣ የስማችሁን የላቲን አጻጻፍ አንድ ጊዜ ወስኑና አትለውጡት። “ታደሰ” በአንድ “ዲ” ይጻፋል፣ በሁለትም ይጻፋል። “ጌታቸው” ላይ “ቲ” የሚጨምር አለ፣ የማይጨምርም አለ። ስማችሁና የአባታችሁ ስም የብዙ ሰው ከሆነ የአያታችሁን ስም ጨምሩ፤ ከጨመራችሁ ደግሞ ሁልጊዜ ጨምሩ። ከመጀመሪያው ጽሑፋችሁ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ይሁን።

ሁለተኛ፣ የኦርኪድ ቁጥር አውጡ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ፣ 16 አኃዝ ያለው፣ ክፍያ የማይጠየቅበት የተመራማሪ መለያ ነው። ለተመራማሪ ልክ እንደ ብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ ቁጥር ነው፤ ስም ቢመሳሰልም ቁጥሩ አይመሳሰልም። በተለያየ አጻጻፍ የታተሙ ስሞቻችሁን ሁሉ እዚያ ማስመዝገብ ይቻላል፤ በፊደላችን የተጻፈውንም ጨምሩበት። ስትመዘገቡ ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ሌላ የግል ኢሜይላችሁንም አስገቡ። መሥሪያ ቤት ስትቀይሩ የድሮው ኢሜይል ይዘጋል፤ ሥራችሁ ግን አብሮ መዘጋት የለበትም።

ሦስተኛ፣ የጉግል ስኮላር ገጻችሁን ከፍታችሁ አትተዉት። ማሽኑ ስም እየገመተ የሌላ ሰው ጽሑፍ እንዳይጨምርባችሁ፣ አዲስ ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ እንዲጠይቃችሁ አድርጋችሁ አስተካክሉት። የእናንተ ያልሆነውን አውጡ። በሰው ድካም የሳይቴሽን ቁጥር ማብዛት ውሎ አድሮ ያዋርዳል። ስኮፐስ የተባለው የጥናቶች ማውጫ ደግሞ ሳትጠይቁት ገጽ ይከፍትላችኋል፤ ብዙ ጊዜም አንዱን ሰው ሁለት ወይም ሦስት አድርጎ ይከፍለዋል። እንዲያዋህድላችሁ መጠየቅ በነጻ ነው።

አራተኛ፣ ዋናው ነገር የምትጽፉት ነው። “ልዩ ልዩ ጉዳዮችን አጠናለሁ” የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንም አይጠቅምም። ምን ዓይነት ጥያቄ እንደምታጠኑ፣ የትኛው ወረዳ፣ የትኛው ሰብል፣ የትኛው በሽታ ላይ እንደሠራችሁ፣ ምን ዓይነት ተማሪ ማማከር እንደምትፈልጉ በግልጽ ጻፉ። የምታስተምሩትን ኮርስ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ዋና ጥናት ሥር ደግሞ አንድ አንቀጽ አማርኛ ወይም ጥናቱ የተሠራበት አካባቢ ቋንቋ ጨምሩ። ስለ አፈር አሲዳማነት ተጠንቶ የግብርና ባለሙያው የሚያነበው አንድ መስመር እንኳ በሚያውቀው ቋንቋ ከሌለ ጥናቱ ወደ መጣበት ማሳ አልተመለሰም። የቤት አድራሻና የግል ስልክ ግን አታስቀምጡ፤ የቢሮ ኢሜይል ይበቃል።

አምስተኛ፣ ጽሑፎቻችሁ ይነበቡ። አገራችን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አላት፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ናድሬ በተባለው ብሔራዊ ማከማቻ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። በርካታ የአገር ውስጥ ጆርናሎች ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው የአፍሪካ ጆርናሎች ማውጫ ላይ ይገኛሉ። ውጭ ያሳተማችሁትን ሪሰርችጌት በተባለው የተመራማሪዎች ድረ ገጽ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ግን የአሳታሚውን ውል አንብቡ። የታተመውን ፒዲኤፍ መጫን ቢከለከልም ተቀባይነት ያገኘውን የራሳችሁን ረቂቅ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።

ገጹ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። ሴሚስተር ሲዘጋ ጥቂት ሰዓት ስጡት። ተባባሪ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ገጹ ላይ ዛሬም “ሌክቸረር” ከሆነ፣ ወይም የማይመልስበት ኢሜይል ተቀምጦ ከሆነ፣ ገጽ ባይኖረው ይሻላል። ከሁሉ በላይ እውነት ይሁን። ያልጨረሳችሁትን ዶክትሬት እንደጨረሳችሁ፣ ገና በግምገማ ላይ ያለን ጽሑፍ እንደታተመ አታድርጉ። ገንዘብ ከፍሎ ያለ ግምገማ የሚታተም ጽሑፍ ዝርዝሩን ያረዝማል እንጂ ስም አያቆምም።

የኔትወርክን ነገር አልዘነጋሁትም። ትግራይ ውስጥ ከ2013 ዓ.ም ጥቅምት ወር ማብቂያ ጀምሮ ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ መምህር ስለ ፕሮፋይል ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እላለሁ፦ አስቀድሞ በደንብ የተሠራ ገጽ ባለቤቱ መናገር በማይችልበት ወቅትም ሥራውን ይናገርለታል።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና ዲኖችም ድርሻ አላችሁ። ለእያንዳንዱ መምህር የሚሠራ የተቋም ኢሜይል ስጡ፤ የሠራተኞች ዝርዝር ላይ ፎቶ ብቻ ሳይሆን የጥናት መስክና የኦርኪድ ቁጥር ይኑር፤ አመራር በተቀየረ ቁጥር ድረ ገጹ ከዜሮ አይጀመር።

ለጀማሪ መምህራን የተለየ አደራ አለኝ። ያስተማሯችሁ አንጋፋ መምህራን ብዙ ሥራቸው የቀረው በወረቀት ላይ ነው። ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት የታተመ፣ የቢሮ መደርደሪያ ላይ ያለ፣ ማንም የማይጠቅሰው ጥናት አላቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቁና አብራችኋቸው ተቀመጡ፤ የሥራቸውን ዝርዝር ጻፉላቸው፤ ስማቸው እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ከራሳቸው አፍ ስሙ። ይህን በሕይወት እያሉ አድርጉት።