በአርሲ ነገሌ የከረመች አውቶሞቢል

ክረምት የሚለው ቃል በየአገሩ የሚያመጣው ነገር ልዩ ልዩ ነው። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት ሲባል ብርድና በረዶ ነው፤ በእኛ አገር ግን ዝናብና ጭቃ ነው። ሆኖም አልጋና ማድ ቤት ያላት አውቶሞቢል ላለው ሰው በሁለቱም አገር ችግሩ አንድ ነው፤ ይኸውም ለወራት የቆመችውን ከባድ ቤት ከለሰለሰ መሬት አንሥቶ ከመንገድ ማድረስ ነው።

ይህ ነገር ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ በነበረበት ዘመን፥ ዝናቡ ሲበረታ ሰፈሩ በአንድ ስፍራ ይከርም ነበር፤ ወንዙ ሲጎድልና መሬቱ ሲጠና ድንኳኑ ተነቅሎ ጉዞ ይጀመር ነበር። በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን፥ ባለ መኪና ሁሉ ወራት የማያግደው እየመሰለው የመሬቱን ፈቃድ መጠየቅ ተወ። እኛም ከእነዚሁ ወገን ነበርን።

አርሲ ነገሌ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በሞጆና በባቱ አልፎ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የላንጋኖ፥ የአቢጃታና የሻላ ሐይቆች ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ሲሆኑ፥ እርሷ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ በሐይቆቹ ዳር አቧራ በሚነሣበት ጊዜ እንኳ የነገሌ ጓሮ ውሃ አቁሮ ይቈያል። እኛም በሰኔ ወር አውቶሞቢላችንን ከአንድ ዘመዳችን ግቢ አቁመን ስንሄድ ይህን አላሰብንም ነበር።

በመስከረም ተመልሰን የመጣነው ስለ እናታችን ነው። ትውልዳቸው በቡታጅራ አጠገብ ነውና፥ እንደ ጉራጌ ልማድ መስቀልን በአባታቸው ቤት ማክበር ይወዳሉ፤ ዕድሜያቸው ግን 80 ዓመት ስላለፈና ወገባቸውን ስለሚያማቸው ተቀምጠው ረጅም መንገድ መሄድ አይችሉም። ተኝተው ሊሄዱ የሚችሉት በዚህች አውቶሞቢል ብቻ ነው። «ወንድሜ ደክሟል ብለውኛል፤ ዘንድሮ ካላየሁት መቼ አየዋለሁ?» ብለውናል። ደመራው መስከረም 16 ቀን ነው፤ ግቢው የደረስነው 13 ቀን ነው።

ባትሪው ሞቶ፥ አይጥ ፍራሹን በልቶ አገኘን። ባትሪውን አስሞልተን ሞተሩን አስነሣን፤ በችኰላም ነዳጁን ረገጥን። ጎማው በባዶ እየዞረ ጉድጓዱን አጠለቀ፤ ጭቃውም እስከ ጎማው እኩሌታ ደረሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በእኛ ደረሰ። ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ ቀርበው አዩና፥ «ልጆቼ፥ መሬቱ አልተጣላችሁም፤ የምትቆፍሩት እናንተው ናችሁ» አሉን።

በምክራቸው በማግሥቱ ጉዞውን ትተን ቦይ ቆፈርን፤ ያቆረው ውሃ እንዲወርድና ፀሐይ መሬቱን እንዲያየው ነው። እናታችን ከደጃፉ ተቀምጠው፥ «ቤት የሚከብደው በዕቃው ነው፤ አውጡት» አሉ። የውሃውን በርሜል አፈሰስን፤ ድስቱን፥ ምንጣፉን፥ ሣጥኑን ሁሉ አወጣን። አንድ ቀን መጠበቁ ከሥራው ይልቅ ከበደን፤ ዝናብ ቢመለስ ደመራው ያመልጣቸው ነበርና።

መስከረም 15 ቀን ጎሕ ሲቀድ በክሪክ እያነሣን ከየጎማው ሥር ገረጋንቲና ሳንቃ አኖርን፤ በላዩም የስንዴ ገለባ በተንን። ከጎማውም ጥቂት አየር አስተነፈስን፤ ጎማ ሲላላ የሚረግጠው ስፍራ ይሰፋልና፥ ክብደቱ በአንድ ቦታ አይጫንም። በበረዶ አገር ያሉ ሰዎችም በረዶውን ጠርገው አሸዋ የሚበትኑት፥ ቀስ ብለውም የሚነዱት ጎማው እንዳይንሸራተት ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ከኋላ ገፉ፤ ነጂውም ሞተሩን ሳያስጮኽ በዝግታ ነዳ። አውቶሞቢሊቱ ያለ ጩኸት ተነሥታ ከአስፋልቱ ወጣች።

ጎማውን መልሰን ነፋን። እናታችንም ገብተው ከአልጋው ጋደም አሉና፥ «ቤቴን ባዶ አድርጋችሁ አወጣችኋት፤ በሉ እንግዲህ ድስቴን መልሱልኝ» ብለው አሳቁን። በዚያው ቀን ማታ ወንድማቸው በትራቸውን ተደግፈው ከደጃፍ ተቀበሏቸው፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ብዙ ሲቈዩ እኛ ዘወር አልን።

እንግዲህ አውቶሞቢል የምታከርሙ ሁሉ፥ በሰኔ ሳላችሁ ከጠና ስፍራ በድንጋይ ንጣፍ ላይ አቁሟት፤ ፊቷን ወደ መንገዱ መልሱ፤ የባትሪውን ሽቦ ንቀሉ፤ እህልና ፍርፋሪ አትተዉባት። ይህን ረስታችሁ ከጭቃ ብትገቡ ግን፥ ነዳጁን ከመርገጣችሁ በፊት ቦዩን ቅደዱ፤ ጭነቱንም አቅልሉ። ዘግይቶ የሚነሣ ጎማ ይደርሳል፤ በችኰላ የሚዞር ግን የራሱን ጉድጓድ ይቈፍራል።