የመቂ ዓሣና የቱቦው አፍ

በለንደን ቤተ መዘክር ይሠራ የነበረው የዓሣ ሊቅ ጆርጅ አልበርት ቡላንዤ እ.ኤ.አ. በ1904 ለአንዲት ትንሽ ዓሣ ስም አወጣ። ስሙን የወሰደው ከወንዛችን ነው፤ «ማኪኤንሲስ»፣ የመቂ እንደ ማለት። ዛሬ በሳይንሱ መዝገብ ሙሉ ስሟ ጋራ ማኪኤንሲስ ነው። (ይኸ «ጋራ» የሚሉት ከእኛ ጋራና ሸንተረር ጋር ዝምድና የለውም፤ ከህንድ አገር የተወሰደ የዓሣ ስም ነው። ቢሆንም ለተራራ ልጅ የሚያንስ ስም አይደለም።) አፏ ከሥሯ ነው። ከአፏ ኋላ እንደ ማኅተም ክብ ያለ መያዣ አላት፤ በእርሱ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ፣ ወራጅ ውኃ ሳይወስዳት፣ ድንጋዩን የሸፈነውን አረንጓዴ አልጌ እየጋጠች ትኖራለች።

መቂ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከሞጆ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ከተማ፣ ሽንኩርቷንና ቲማቲሟን ነው። ወንዙ ግን የሚነሣው ከጉራጌ ተራሮች ነው። የዘቢደር ሰንሰለት ውኃ ያካፍላል፤ ወደ ምዕራብ የወረደው ጊቤንና ኦሞን ሲፈልግ፣ ወደ ምሥራቅ በመስቃን በኩል የወረደው መቂን ይዞ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ ቡታጅራ አጠገብ በቱቦ የሚያልፈው ጅረት የሐይቁ ጫፍ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ግን ዓሣን የሐይቅ ነገር አድርገን ነው የምናስበው። በመስቃን ገበታ ላይ ክትፎና ቆጮ እንጂ ዓሣ ክብር የለውም፤ ሰው የማይበላው ነገር ደግሞ ጠበቃ የለውም።

በመስቃን ስለ መንገድ ክፉ መናገር ነውር ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ ነጋዴውም ሊስትሮውም፣ ከኪሳቸው አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ያስቆረጡ ሰዎች ናቸው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በተባለው ሥራ ቀበሌ ከቀበሌ ተገናኝቷል። በምጥ የተያዘች ሴት በቃሬዛ ግማሽ ቀን ስትጓዝ ያየ ሰው ለጠጠር መንገድ የሚሰጠው ምስጋና ቀላል አይደለም። እንግዲህ ክርክሬ ከመንገዱ ጋር አይደለም፤ ከመንገዱ ሥር ካለው ቱቦ ጋር ነው።

ባለፈው ክረምት ከቡታጅራ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር መንገድ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። የቱቦው መውጫ ከጅረቱ በላይ አንድ ክንድ ያህል ተንጠልጥሏል። ውኃው እንደ ጣራ አሸንዳ እየተወረወረ ከሥር ጉድጓድ ቆፍሯል። ጉድጓዱ ውስጥ ትናንሽ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። ከብት የሚያጠጡ አንድ አዛውንት አጠገቤ ነበሩ።

«አባባ፣ ይኸ ዓሣ ድሮም እዚህ ነበር?»

«ድሮማ እላይ ድረስ ይወጣ ነበር፤ ልጆች በነጠላ ያጠምዱታል። አሁን እዚሁ ተሰብስቦ ይቀራል። ውኃው ተሰቀለበት እኮ ልጄ።»

ውኃው ተሰቀለበት። ከዚህ የተሻለ የምሕንድስና መግለጫ አልሰማሁም።

ቱቦው ሲቀበር ተንጠልጥሎ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ጅረት በአንድ ሜትር ቱቦ እንዲያልፍ ሲገደድ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በመውጫው ያለውን ጠጠርና አፈር ጠርጎ ይወስዳል። በየክረምቱ ወለሉ ዝቅ ይላል፤ ቱቦው ግን በቦታው ነው። ውስጡም ቢሆን ለዓሣ አይመችም። ጅረት ውስጥ ዓሣ ከድንጋይ ኋላ አረፍ እያለ ነው የሚወጣው፤ ሲሚንቶው ግን ልሙጥ ነው፣ ማረፊያ የለውም። ዓሣ በሙሉ ኃይሉ መዋኘት የሚችለው ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ጎርፍ ሲሞላ ፍጥነቱ ይመልሰዋል፤ ውኃ ሲያንስ ደግሞ በሲሚንቶው ላይ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ሆዱን እንኳ አይሸፍንለትም። ጋራ ማኪኤንሲስ እርጥብ ድንጋይ ላይ ትጣበቅ ይሆናል፤ አየር ላይ ግን የምትጣበቅበት የለም።

መሐንዲሱ አላጠፋም፤ የተጠየቀውን መልሷል። የተጠየቀው በ10 ወይም በ25 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን ጎርፍ ቱቦው ያሳልፋል ወይ የሚል ነው። ያ ጎርፍ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። ዓሣው የሚጓዘው በክረምቱ ተራ ቀን ነው፤ የተራው ቀን ውኃ ግን በስሌቱ ውስጥ የለም። በጋ ደግሞ አለ። ጅረቱ ሲደርቅ የላይኛው ዓሣ ያልቃል፤ በታች በኩሬ የተረፈው በክረምት ሽቅብ ወጥቶ ቦታውን ይተካል። መንገዱ ከተዘጋ ግን አንድ ክፉ በጋ ይበቃል፤ ላዩ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ጉዞ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከጣና የተሻለ አስተማሪ የለም። በጣና ነጭ ዓሣ ከሚባለው ወገን 15 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህ ሰባት ያህሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ጉማራን፣ ርብንና ሌሎችን ወንዞች ሽቅብ ወጥተው፣ በገባር ጅረቶች ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አጥማጁ ይህን ስለሚያውቅ መረቡን በወንዙ አፍ ዘረጋ። በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል የእነዚህ ዓሦች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆለቆለ። እዚያ መንገዱን የዘጋው መረብ ነበር፤ ኋላ የመስኖ ጠለፋና ግድብ ተጨመሩበት። ሐይቁ ሞልቶ እያለ ዓሣው የጎደለው ወንዝ ላይ ነው።

አሜሪካኖቹ ነገሩን ፍርድ ቤት አድርሰውታል። በዋሽንግተን ግዛት 21 የቀደምት ነዋሪዎች ጎሣዎች «ዓሣ የማጥመድ መብታችን በውል ተረጋግጦልን ሳለ፣ መንግሥት በመንገድ ቱቦ ሳልሞኑን ከለከለን» ብለው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግዛቱ ቱቦዎቹን እንዲያስተካክል ታዘዘ። ይግባኙ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2018 ዳኞቹ አራት ለአራት እኩል ስለተከፈሉ የሥር ውሳኔው ጸና። ቱቦዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ወጪው በቢሊዮን ዶላር ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው መጀመሪያ በርካሽ የተቀበረውን ለመንቀል ነው።

እኛ ገና በመቅበር ላይ ነን፤ ዕድላችን እዚህ ላይ ነው። የቱቦው ወለል ከጅረቱ ወለል በታች እንዲውል ጠለቅ አድርጎ መቆፈር፤ ስፋቱን ከጅረቱ ስፋት አለማሳነስ፤ ተዳፋቱን ከጅረቱ ጋር ማስተካከል፤ ውስጡን የጅረቱ ድንጋይና ጠጠር እንዲሸፍነው መተው። ቢቻል ደግሞ ሁለት ግንብ አቁሞ ስላብ ማልበስና ወለሉን ጨርሶ አለመንካት ነው። ዋጋው ይጨምራል፤ አልክድም። ግን ጠባብ ቱቦ ግንድና ጭራሮ ሲዘጋው ጎርፉ መንገዱን ቆርጦ እንደሚሄድ በጉራጌ ገጠር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያም ወጪ ነው።

ለተንጠለጠለውም መላ አለው። ከመውጫው በታች ድንጋይ በደረጃ እየከመሩ ውኃውን ወደ ኋላ እንዲያቁር ማድረግ፣ እስከ ቱቦው አፍ ከፍ እንዲል። በዚያ ጅረት ላይ ልጆች ሊዋኙ ብለው ይህንኑ ሠርተው አይቻለሁ፤ ኩሬው ከፍ ብሎ ከቱቦው አፍ ለመድረስ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር። ልጆቹ የደረደሩት ልቅ ድንጋይ ስለሆነ ቀጣዩ ጎርፍ ወሰደው። በጋቢዮን ሽቦ ታስሮ ቢሆን ይቆይ ነበር፤ ድንጋዩ እዚያው ነው፣ ሥራውም ለአምስት ሰው የሁለት ቀን ነው።